የቻሎምን ቆዳ ማን ከፈተው?

የካቲት 20 ቀን፣ በቡድሃ አቆጣጠር 2532
ባን ኖንግ ሳኖ

ለእህቴ ልጅ፣ በእጄ ላሳደግኩት ለፕራዮንግ፤

ቡድሃ ከነትምህርቱ ከአናትህ አይለይ። በሰው አገር ሕንፃ ስትሠራ የምትረግጠውን እንጨት ያጽናልህ። ደህና ነዎት ወይ ብለህ ግን አትጠይቀኝ፤ የልጇን ሬሳ ለእሳት የሰጠች እናት ደህና አትሆንም።

ቴሌግራሙ ሲንጋፖር ደርሶሃል ብዬ ነው የምጽፈው። ቻሎምን በቤተ መቅደሱ በዓል፣ ትርዒቱ ሊጀመር ሲል፣ ከወንዙ ማዶ ያለ አንድ ባለጀልባ በዓሣ ቢላ ወጋው። የተጣሉት አንድ ወንበር የእኔ ነው ተባብለው ነው። አየህ? በወንበር! ሰውየው ታስሯል፤ ለእሱ መንግሥት አለለት። እኔ የምፈልገው ሌላ ሰው ነው።

አንተና እሱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ምንጣፍ ላይ ተደፍታችሁ ጀርባችሁን ለመምህር ፊያን ሰጥታችሁ ተነቀሳችሁ። በዚያ ረጅም መርፌ ጥንዱን ነብር ሲወጋችሁ፣ ብረት እንዳይበሳችሁ ድግምቱን ደግሞ እፍ ሲልባችሁ እኔ በር ላይ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ቻሎምን ብረት ነክቶት ያውቃል? ከሞተር ወድቆ ተነስቶ ሱሪውን አራገፈ። የሩዝ ማጭድ እግሩ ላይ ወድቆ ማጭዱ ነው የተጣመመው፤ አንተም ነበርክ። ስድስት ዓመት እንዲህ የኖረ ቆዳ በአንድ የዓሣ ቢላ እንዴት ይከፈታል? ያውም የገባው በሁለቱ ነብሮች መካከል ነው። ሬሳውን ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ በጣቴ ነክቼዋለሁ።

መምህር ፊያን ዘንድ ሄድኩ። «ንቅሳቱ አልከዳውም፤ ሕጉ ተጥሶበታል» አለኝ። ሕጉን ታውቀዋለህ። ቅል አይበላም፤ የሴት ልብስ በተሰጣበት ገመድ ሥር አይታለፍም፤ የሰው ሚስት አይነካም፤ እናት አትሰደብም። ከእነዚህ አንዱን ያስጣሰው ሰው አለ። ባለቢላው ሞኝ ነው፤ ለእኔ ገዳዩ የልጄን ቆዳ የከፈተው ነው።

የዚያን ቀን ከእረፍትህ ወደ ሥራህ ስትመለስ አውቶቡስህን ሊሸኝ አብሮህ ነበር። ምን በላ? በየት በኩል አለፈ? ከማን ጋር ዋለ? በየወሩ የምትልከውን ገንዘብ ተወው፤ አትላክልኝ። ስም ላክልኝ። ያንን ሰው አግኝቼ አንጀቴን ሳላርስ አልሞትም።

አክስትህ ቡንሩዋን

* * *

መጋቢት 17 ቀን 2532
ሲንጋፖር

ለውድ አክስቴ፣ ከእናቴ ሞት በኋላ እናት ለሆኑኝ፤

ከእግርዎ ሥር ሦስት ጊዜ ሰግጄ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። መልካም ሥራዎ ሁሉ ለቻሎም ነፍስ ብርሃን ይሁነው።

ቴሌግራሙ የደረሰኝ ሃያ ስድስተኛው ፎቅ ላይ ሳለሁ ነው። ካቦው ከታች እየጮኸ በእጁ ወረቀት ሲያውለበልብ፣ ደመወዝ የጨመሩልኝ መስሎኝ እየሳቅኩ ወረድኩ። እስከ ዛሬ ያ ሳቄ ያሳፍረኛል። ወንድሜ ነበር፤ በአንድ አጎበር ሥር ነው ያደግነው፤ ምን ብዬ ልጻፍልዎ?

ስለዚያ ቀን ጠይቀውኛል። የበላነው ሩዝና የተጠበሰ ዓሣ ነው፤ ቅል አላየሁም። እስከ አውቶቡሱ ሸኘኝ፤ ሻንጣዬን ጣራው ላይ ወረወረልኝ፤ ተሳሳቅን። ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም። አክስቴ፣ ይተዉት እባክዎ። ገዳዩ ታስሯል። ለቻሎም መነኮሳቱን ምሳ ያብሉለት፤ ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ከደብዳቤው ጋር አለ።

እኔ ደህና ነኝ። መወጣጫው ላይ ስሠራ የሌላ አገር ሰዎች ወገባቸውን በገመድ ያስራሉ፤ እኛ የታይ ልጆች ጀርባችንን አሳይተናቸው እንስቃለን። ነብሮቹ ይጠብቁኛል።

ልጅዎ ፕራዮንግ

* * *

ሚያዝያ 19 ቀን 2532

ለልጄ ለፕራዮንግ፤

የሚያዝያው አዲስ ዓመታችን ዕድሜና ጤና ይዞልህ ይግባ። በዓሉ አለፈ። ጎረቤቶቼ በየበራቸው ተቀምጠው ልጆቻቸው ሽቶ የገባበት ውሃ እጃቸው ላይ እያፈሰሱ ይቅርታ ሲጠይቋቸው ዋሉ። የኔ እጅ ደረቅ ዋለ። መነኮሳቱ በልተዋል፤ ያንተ ገንዘብ ለዚያ ሆኗል፤ ጥሩ። ግን «ይተዉት» የሚለውን ቃል ሁለተኛ እንዳትጽፍልኝ።

አንተ ዝም ብትል እኔ ደርሼበታለሁ። ላምዱዋን ናት! በጀልባ የኑድል ሾርባ የምትሸጠው፣ ያቺ ባሏን የፈታች። ልጄን በዓይኗ አሳብዳው ነበር። እሱ ቤቷ ሲመላለስ የግቢዋ ልብስ ማስጫ የት ነው? መንገዱ ላይ! ከጀልባ ወጥቶ ወደ ደጇ የሚሄድ ሰው በቀሚሷ ሥር ሳያጎነብስ አያልፍም። ሆን ብላ ነው። ሊተዋት እንደሆነ ስታውቅ ቆዳውን ከፈተችው።

ገበያ መሃል ቆሜ ነገርኳት። «እትዬ፣ ገመዱን የተከልኩት ከልጅዎ ጋር ሳንተዋወቅ ነው» አለችኝ። አፏን ተመልከትልኝ! ከዚያ ወዲህ ለሰው ሁሉ ነግሬያለሁ። ከእርሷ የበላ ወንድ ንቅሳቱ ይፈርሳል ብያለሁ፤ ማን ደፍሮ ይበላል? ሾርባዋን ማታ ወደ ወንዝ ትደፋዋለች፤ ዓሣዎቹ እየወፈሩላት ነው። ይሄ ገና መጀመሪያው ነው።

ካንተ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። መምህር ፊያን ፊት ቀርባ እንድትጠየቅ፣ ቻሎም ስለ እርሷ የነገረህን ሁሉ ጻፍልኝ። ፈርምበት።

አክስትህ

* * *

ግንቦት 11 ቀን 2532

ለተከበሩ አክስቴ፤

ሰላምና ጤና ከቤትዎ አይጉደል። ከሩቅ ሆኜ እጅዎን በግንባሬ እነካለሁ።

ደብዳቤዎን ሦስቴ አነበብኩት። አክስቴ፣ ላምዱዋንን ይተዉአት። እርሷ አይደለችም። ቻሎም በዚያ ገመድ ሥር አያልፍም ነበር፤ እንደ ቀበሮ ነበር የሚጠነቀቀው። በሙዞቹ በኩል ዞሮ፣ ጭቃ እየረገጠ ነበር የሚገባው፤ እርሷም «የኔ ጌታ፣ ቀሚሴ ይነክስሃል?» እያለች ትስቅበት ነበር። ደግሞ ሊተዋት አልነበረም። ሊያገባት ነበር፤ ይህንን እርስዎም ያውቃሉ።

በሰው ልጅ እንጀራ ላይ አይቁሙ። በሕግ መጣስ ከሆነ የሞተው፣ በእርሷ በኩል አይደለም። ይህን በእርግጠኝነት እነግርዎታለሁ። ከዚህ በላይ አያስወጡኝ፤ ለእርስዎ ብዬ ነው።

ልጅዎ ፕራዮንግ

* * *

ግንቦት 29 ቀን 2532

ለፕራዮንግ፤

ጤና ይስጥህ።

በማን በኩል ነው ታዲያ? «በእርግጠኝነት» ስትል በምን አወቅክ? በሆድህ የያዝከው ነገር እንዳለ በመጀመሪያው ደብዳቤህ ገብቶኛል፤ አንተ ስትዋሽ ከልጅነትህ ጀምሮ ስለ ምሳ ነው የምታወራው። ወይስ ያስጣስከው አንተ ነህ? ልትሄድ ስለሆነ ቀልድ አምሮህ፣ ከሩዙ ሥር ቅል ደብቀህ አበላኸው? አንተ ከሆንክ ባሕር ማዶ ነኝ ብለህ አትተኛ። ላምዱዋን እንኳ አልተኛችም። ትናንት ጀልባዋን በመጥረቢያ ወለሉን በሳሁላት፤ ከነማሰሮው ሰጠመ። ቆማ አለቀሰች እንጂ አንድ ቃል አልተናገረችም። ንጹህ የሆነች ሴት ዝም ትላለች?

ስሙን ላክ።

ቡንሩዋን

* * *

ሐምሌ 3 ቀን 2532

ቡንሩዋን፤

በዚህ ደብዳቤ ሰላምታ የለም። አንድ ወር ሙሉ ዝም ያልኩት እጄን ለመያዝ ነበር፤ አልቻልኩም።

እኔ ቅል አላበላሁትም። የሆነውን ልንገርሽ፤ ምንም እንኳ ከኔ ይልቅ አንቺ ብታውቂውም። ያን ቀን ጠዋት «ላምዱዋንን ለመጠየቅ ሽማግሌ ላኪልኝ» አለሽ። «የሰው ትራፊ ለልጄ አልለምንም» አልሽው። እሱም ተናደደና «ካንቺ ከምወለድ ከድንጋይ በተወለድኩ» ብሎሽ ወጣ። እኔ ጋ ሲመጣ ከንፈሩ ደርቆ ነበር። «ፕራዮንግ፣ ጉድ ሆንኩ፤ እናቴን ሰደብኩ። ጀርባዬ ቀዘቀዘኝ» አለኝ። «ቂል! እዚህ ቆመህ ምን ትሠራለህ? ሄደህ እግሯ ላይ ውደቅ» አልኩት። ሁላችንም ሕጉን ከነመድኃኒቱ ነው የተማርነው፤ የተሰደበችው እናት ይቅር ካለች ነብሮቹ ይመለሳሉ። ሌላ ማንም አይመልሳቸውም፤ መምህሩ ራሱ አይመልሳቸውም። የጃስሚን አበባ ለቅሞ፣ ውሃ በሳህን ይዞ መጣልሽ።

አንቺስ? ቃሪያ እየወቀጥሽ ነበር። ዘነዘናውን እንኳ አላስቀመጥሽም። ተንበርክኮ ሲለምንሽ ጀርባሽን ሰጥተሽ «ነገ ና። ዛሬ ይቆጥቁጥህ» አልሽው። አበባውን እንደያዘ አውቶቡስ ተራ መጣ። ሲያወራኝ ያለቅስ ነበር፤ ተሳሳቅን ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ቤት መግባት ስላልቻለ ወደ ትርዒቱ ሄደ። የተከፈተ ቆዳ ይዞ ሄደ።

ይህን ሁሉ ልሰውርልሽ ነበር። እስክሞት ልሰውርልሽ ነበር። ግን ሴትየዋን በመጥረቢያ መጣሽባት። ስም ላክ አልሽ፤ ስሙ ቡንሩዋን ነው። ልጅሽን የበላሽ ድመት ነሽ። ደሙን ከአፍሽ ሳትጠርጊ በየሰው ቤት ሌባ ትፈልጊያለሽ። እናቴ አይደለሽም፤ የማንም እናት አይደለሽም።

ፕራዮንግ

* * *

ሐምሌ 9 ቀን 2532

እናት ለሆኑኝ ለአክስቴ፤

ከእግርዎ ሥር ተደፍቻለሁ። ይህ ደብዳቤ ከፊተኛው ቀድሞ ቢደርስዎ፣ ፊተኛውን ሳይከፍቱ እሳት ውስጥ ይጨምሩልኝ። ከደረሰዎም ምን ማድረግ እችላለሁ፤ እጄ በተቆረጠ።

ፖስታውን ሳጥኑ ውስጥ እንደጣልኩት አንዳች ነገር ከትከሻዬ ላይ ሲነሳ ተሰማኝ። ነብሮቹ የነበሩበት ቦታ ቀዘቀዘ፤ ልክ እሱ እንዳለው። አብሮኝ የሚኖር፣ ከአገራችን ከኡቦን የመጣ ሰው አለ፣ ሽማግሌ ነው፤ የጻፍኩትን ነገርኩት። «ያጠባችህ ባትሆንም ያሳደገችህ ናት። ለንቅሳቱ እናት ማለት እርሷ ናት» አለኝ። ከዚያም አልጋውን ከአልጋዬ አራቀ።

ከዚያ ወዲህ ከአራተኛው እርከን በላይ መውጣት አልቻልኩም። ብረቱን በሁለት እጄ አቅፌ እቀራለሁ። ገመድ አሰርኩ፤ ካቦው «የታይ ጀግና፣ ነብሩ ድመት ሆነ እንዴ?» ብሎ አሳቀብኝ። የሥራው ወቅት እስኪያበቃ ወደ ላይ ካልወጣሁ ወደ አገሬ እሸኛለሁ። የምወጣውም ከወጣሁ ልቤን ይዤ አይደለም። ሰላሳኛው ፎቅ ላይ የተንቀጠቀጠ ሰው ምን እንደሚሆን ለእርስዎ አልነግርም።

ደብዳቤው ውስጥ ጃስሚን አለ፤ ከመንገዴ ላይ ካለ ሆስፒታል ግቢ የለቀምኩት ነው። እግርዎ ሥር ያኑሩልኝና «ይቅር ብያለሁ» ይበሉ። በወረቀት ላይ ሁለት ቃል ይጻፉልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ልጅዎ፣ ካልተቀየሙኝ፤
ፕራዮንግ

* * *

ነሐሴ 12 ቀን 2532

አክስቴ ሆይ፤

ዕድሜዎ ይርዘም። ፖስታ ቤት በየቀኑ እሄዳለሁ። ሰዎቹ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የሌላው ሰው ደብዳቤ ከባን ኖንግ ሳኖ በአሥር ቀን ይገባል። ቢሰድቡኝም ይጻፉልኝ። ዝምታዎን ግን አልቻልኩትም።

ፕራዮንግ

* * *

መስከረም 8 ቀን 2532

ለፕራዮንግ፤

በሕይወት ካለህ ሰላም ላንተ ይሁን።

ሦስቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል፤ በየቀናቸው። አበባህ ደርቆ ደረሰ። ሣጥኑ ላይ አስቀመጥኩት፤ እግሬ ሥር አላስቀመጥኩትም። «አንቺ» አልከኝ፤ በስሜ ጠራኸኝ፤ ድመት አልከኝ። አፍንጫህን ሳብስልህ ያደግክ ልጅ! መጀመሪያ ሳነበው፣ ወይ ጉድ፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ ልንገርህ? አገኘሁ አልኩ። የምበቀለው ሰው አገኘሁ። ሁለት ወር ዝም ያልኩህ ሆን ብዬ ነው። እያንዳንዷን ቀን ቆጥሬ ነው የጣፈጠችኝ፤ ፖስታ ቤት ስትመላለስ፣ መሰላል ይዘህ ስትንቀጠቀጥ እያሰብኩ።

አሁን ግን ጣዕሙ ሄደ።

የጻፍከው እውነት ነው። ዘነዘናውን አላስቀመጥኩም። ተንበርክኮ ውሃውን ወደ እግሬ ሲያስጠጋ በጎን አይቼዋለሁ። ደስ አለኝ ፕራዮንግ። ጠዋት እንደ ድንጋይ የወረወረኝ ልጅ ሲለምነኝ ደስ አለኝ፤ ቶሎ እንዲያልቅብኝ አልፈለግኩም። ነገ ይቅር ልለው ነበር። በነጋታው ልሠራለት የሚወደውን ዓሣ ገዝቼ በጨው አሽቼው ነበር። ሬሳውን ሲያመጡልኝ ዓሣው እዚያው ነበር።

መምህር ፊያን «ሕጉ ተጥሶበታል» ሲለኝ የትኛው እንደሆነ ገና ሳይጨርስ አውቄዋለሁ። አልነገርኩትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ እጅ ስፈልግ ነው የኖርኩት። የላምዱዋን እጅ፣ ያንተ እጅ፤ የማንም ይሁን፣ የኔ ብቻ አይሁን።

እንግዲህ ስማኝ። ይቅር አልልህም። ስለሰደብከኝ አይደለም፤ ስድብህን እንኳ ረስቼዋለሁ። ይቅር ሳልልህ ውጣ። ያለ ገመድ፣ እንደ ድሮህ፣ እስከ ላይ ውጣ። አንተ ዛሬ ልክ እንደ ልጄ ነህ፤ በተመሳሳይ ቀን የተነቀስክ፣ ተመሳሳይ ሕግ የጣስክ፣ በተመሳሳይ ሴት በር የተዘጋብህ። ከወደቅክ ቻሎምን የገደልኩት እኔ ነኝ፤ ለራሴ የሚገባኝን አደርጋለሁ። ካልወደቅክ ግን ሁሉም ውሸት ነው፤ ቢላ ቢላ ነው፤ ልጄን የገደለው ያ ባለጀልባ ነው፤ እኔም እተኛለሁ። ሰባት ወር አልተኛሁም። ማወቅ እፈልጋለሁ።

ሦስት ወር በየቀኑ ውጣና ጻፍልኝ። ይህን ካደረግክልኝ ካሳህ ተቆጥሮልሃል።

አክስትህ ቡንሩዋን

* * *

ኅዳር 2 ቀን 2532
ሲንጋፖር

ለአክስቴ፤

ጤናዎ ይጠበቅ። ዕድሜዎም ይርዘም፤ ይህንን የምለው ከልቤ ነው።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከወር በፊት ነው። መልስ ያዘገየሁት ሳስብ ነው። መጀመሪያ አለቀስኩ፤ ለቻሎም፣ ለዓሣው፣ ለእርስዎም ጭምር። ከዚያ ተነስቼ መወጣጫው ሥር ሄጄ ቆምኩ። እወጣላታለሁ አልኩ። አሳድጋኛለች፣ እንድትተኛ ልውጣላት አልኩ። አንድ እግሬን ብረቱ ላይ አሳርፌ ነበር።

እዚያው ቆሜ ላምዱዋን ትዝ አለችኝ። በሐምሌ ጽፌላት ነበር፤ መልሷም ደርሶኛል። ማሰሮዋን ከወንዙ አውጥታ ከመንደሩ ወጥታለች። የሰው ኩሽና ውስጥ ሰሃን ታጥባለች። ስለ እርስዎ አንድ ክፉ ቃል አልጻፈችም፤ «እናቱ ናት፣ ሐዘን አዙሯት ነው» ብላ አለፈችዎ። እርስዎ ግን በዚያ ሁሉ ገጽ ስሟን አንዴ ብቻ ጠሩ፤ እርሱም የሚያሳብቡበት ሌላ እጅ አድርገው ነው። ጀልባዋን ልመልስ አላሉም። ለመንደሩ ዋሽቻለሁ ልበል አላሉም። እኔንም የፈለጉኝ ለመለኪያ ነው። ሲቆጡ ሁለት ወር አንቀጠቀጡኝ፤ ሲሰለችዎት ደግሞ ልወድቅልዎ ወይም ላልወድቅልዎ ላኩኝ።

እግሬን አወረድኩ። ለካቦው አልወጣም አልኩት፤ የፈለገውን ስድብ ሰደበኝ። የኡቦኑ ሽማግሌ ከሌላ ካቦ ጋር አስማማኝ፤ አሁን መሬት ላይ ሲሚንቶ አቦካለሁ። ደመወዙ የልጅ ነው፤ ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ሕንፃ ላይ ዳግመኛ አልወጣም፤ ሞተር አልነዳም፤ ከሰው ጋር አልጣላም። ንቅሳቱ እንዳለ ይኑር፣ እንደሄደ ይሂድ። ይቅርታዎንም አልጠይቅዎትም፤ ቢልኩልኝም ሳልከፍት እመልሰዋለሁ።

ወጥቼ ሳልወድቅ ቀርቼ ብጽፍልዎ እንቅልፍ ይወስድዎታል። ወድቄ ብሞት ቁርጡን ያውቃሉ። ሳልወጣ «ወጣሁ» ብዬ ብዋሽልዎም ይበቃዎት ነበር፤ ያውም ቀላል ነበር። አንዱንም አላደርግልዎትም። ቻሎምን ቢላው ይግደለው እርስዎ ይግደሉት፣ ከኔ በኩል እስኪሞቱ ድረስ አያውቁትም።

ፕራዮንግ